ተቀምጦ መታጠብም መታጠብ ነው

«ከሠሩ አይቀር በደንብ ነው» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው። ለግንበኛ፣ ለልብስ ሰፊ፣ ለቀዶ ሐኪም የሚመጥን ምክር ነው። ችግሩ የሚመጣው ምክሩ ከሥራ ቦታ ወጥቶ መኝታ ቤት ሲገባ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው እንበል። አንዲት ሴት የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጥታ በሯን ትከፍታለች። ጉልበቷ አልቋል። ሽንኩርት ከትፋ፣ አቁላልታ ወጥ መሥራት አትችልም፤ ስለዚህ ምንም አትበላም። ውኃ አሙቃ ገላዋንና ጸጉሯን መታጠብ አትችልም፤ ስለዚህ ፊቷን እንኳ ሳታረጥብ ከነልብሷ ትጋደማለች። ቤቱን መወልወል አትችልም፤ ስለዚህ አንዲቷን ብርጭቆም አታነሣም። በማግሥቱ ስትነቃ ከትናንቱ የባሰ ደክማለች፣ ርቧታል፣ በዚያ ላይ በራሷ አፍራለች።

ያን ምሽት የምትችለው ነገር ጠፍቶ አይደለም። የምትችለው ነገር ከቁም ነገር ስለማይቆጠር ነው።

የ«ካልሆነ ይቅር» ጠበቆች ብዙ ናቸው፤ ሞኞችም አይደሉም። «እናቶቻችን ውኃ ከወንዝ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ ስምንት ልጅ አሳደጉ፤ አንዲት ቀን ‹ራሴን ልንከባከብ› ሲሉ አልተሰሙም» ይላሉ። እውነት አለበት። «ሰው ራሱን አንዴ ካላላ መያዣ የለውም፤ ዛሬ ሳይታጠብ የተኛ ነገ ሥራ ይቀራል» ይላሉ። ይህም ከልምድ የተቀዳ ፍርሃት ነው፤ ቤቱም ገላውም ቀስ በቀስ ሲበላሽ ዝም ያለ ሰው ያላየ የለም። «ራስን መንከባከብ» የሚባለው ነገር ራሱ ከውጭ የመጣ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚሉም አሉ፤ መዓዛ ያለው ሻማ፣ የፊት ቅባት፣ የስፓ ቀጠሮ። ስልኩ ላይ የሚመጣለትን ማስታወቂያ ያየ ሰው ይህን መካድ ይቸግረዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ነው፦ «በዚህ አገር ሰው ብቻውን ራሱን አይንከባከብም። ጎረቤት አለው፣ ዘመድ አለው፣ ዕድር አለው። የታመመ ይጠየቃል፣ የወለደች ትታረሳለች። ራስን በራስ መንከባከብ የብቸኞች አገር መፍትሔ ነው።»

እነዚህ ክርክሮች አንድ ላይ ሲቆሙ ግድግዳ ይመስላሉ። አንድ በአንድ ሲነኩ ግን አይጸኑም።

ከሒሳቡ ይጀመር። ግማሽ ሥራ ከምንም እኩል ነው የሚለው እምነት ምናልባት ለግድግዳ ይሠራል፤ ለሰውነት አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ የሰውነት እንቅስቃሴ የሚቆጠረው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ከተሠራ ነው ይል ነበር። በ2020 ያንን አጥር አነሣው። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሚለው ግብ ባለበት ቆየ፤ የሁለት ደቂቃዋም እንቅስቃሴ ግን ከቁጥር ገባች፣ ጥቂቱም ከምንም እንደሚሻል በግልጽ ተጻፈ። ድርጅቱ ስንፍናን መፍቀዱ ነው? ማስረጃውን አይቶ ሒሳቡን ማረሙ ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ከዚህ የበለጠ ምስክር አለው። ዝሆኔ ከሚባለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሄደን ሰው ይይዛል፤ በዓለም ላይ ከፍተኛው የሕመምተኛ ቁጥር የሚገኘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ያበጠው እግር በየጊዜው ይቆጣል፣ ያተኩሳል፣ ገበሬውን አልጋ ላይ ይጥላል። ተመራማሪዎች 696 ሕመምተኞችን ይዘው ለአንደኛው ቡድን ቤት ውስጥ የሚሠራ እንክብካቤ ወዲያው አስጀመሩ፤ ሌላው ቡድን አንድ ዓመት ጠበቀ። እንክብካቤው ምን ነበር? እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳውን ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ሲጠብቁ በቆዩት ዘንድ ሕመሙ በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ያህል ሲነሣ፣ በታጠቡት ዘንድ 19 ጊዜ ያህል ሆነ። የ«ካልሆነ ይቅር» ሰው እዚህ ላይ «አምስት ብቻ? እግሩ መቼ ዳነ?» ይላል። አልዳነም። ነገር ግን አምስት ጊዜ አልጋ ላይ አለመውደቅ በእርሻ ወቅት ምን ማለት እንደሆነ ጎጃም ወርዶ አንዱን አራሽ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ያስገኘው ሳፋ፣ ሳሙናና ካልሲ ነው።

ጥርስም ሌላ ሕግ የለውም። የደከመው ሰው ብሩሹን የማያነሣው ቆሞ፣ ተጉመጥምጦ፣ አረፋውን አጥቦ መጨረስ ስለሚታክተው ነው። የጥርስ ሐኪሞች ግን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ከቦረሹ በኋላ መትፋት እንጂ በውኃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም ይላሉ፤ ፍሎራይዱ ጥርስ ላይ መቆየት አለበትና። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ብርጭቆ ለመትፊያ ይዞ የሚቦርሽ ሰው ያጎደለው የመሰለው ነገር ለጥርሱ ጠቅሞታል። የወይራ መፋቂያዋም ብትሆን መታጠቢያ ቤት አትጠይቅም።

እናቶችን በምስክርነት የሚጠሩ ሰዎች ደግሞ እናቶችን በደንብ አላዩም። ለፍተዋል፤ ብዙዎቹ የልፋቱን ዋጋ በወገብና በጉልበት ከፍለዋል፤ ያንን ልፋት እንደ ጌጥ ማንሣቱም ደግ ነገር አይደለም። ግን እንዴት ነበር የሚሠሩት? ቀና ብሎ ማየት ነው። ቡናው ከመቁላት እስከ ሦስተኛው ድረስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው የሚፈላው። ጤፉ የሚነፋው፣ ምስሩ የሚለቀመው፣ ሽንኩርቱ የሚከተፈው ተቀምጦ ነው። ሕመምተኛ የዕለት ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች ጉልበት ላነሰው ሰው ከሚሰጡት ምክር አንዱ «ተቀምጠህ ሥራ» የሚል ነው፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወንበር እንዲያስገባም ያዙታል። በአገርኛው ማድ ቤት በርጩማዋ ድሮም ነበረች። ሰውን ለሰዓታት ያቆመው ከፍ ያለው የሴራሚክ መደብ ነው። ዛሬ አንዲት ሴት ያንኑ በርጩማ ሻወር ቤት አስገብታ ተቀምጣ ብትታጠብ «ምን ሆነሻል?» ትባላለች።

እንግዳ ሲመጣስ? ልጅ ማስታጠቢያ ይዞ ይመጣል፤ እንግዳው ከመቀመጫው ሳይነሣ እጁን ይታጠባል። ይህ ክብር ነው። ያው ሳፋና ያው ጆግ ለደከመው የቤቱ ባለቤት ሲቀርብ በየት በኩል ውርደት ሆነ?

ምግቡ ላይ ሲመጣ ነገሩ የበለጠ ይገርማል። የኢትዮጵያ ማድ ቤት ለደከመ ሰው የሚሆን ምግብ በመሥራት የተካነ ነው፤ ስሙንም ስንቅ ብሎታል። ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፤ በሶ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እሳት አይፈልግም፤ ውኃ፣ ትንሽ ጨው፣ ከተገኘም ማር ብቻ። ሲወፍር ጭብጦ ነው፣ ሲቀጥን መጠጥ ነው። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ወራት ይቆይና አንድ ቀን በፈላ ውኃና በበርበሬ ርሶ እራት ይወጣዋል። ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ቋንጣው አለ። ሽሮው አለ፤ ሳምንት ሙሉ ተለፍቶበት፣ ተቀምሞ፣ ተፈጭቶ ይቀመጥና በተራቡ ቀን በደቂቃዎች ውስጥ ይንተከተካል። የዚህ ሁሉ ብልሃት አንድ ነው፦ ጠንካራው ቀን ለደካማው ቀን አስቀድሞ ያበስላል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ወጣ፤ በመንገድ ላይ ትኩስ ዶሮ ወጥ ባለመሥራቱ ሰነፍ ያለው የለም። ከሥራ የተመለሰ ሰው ግን ለእራቱ በሶ በጥብጦ ቢጠጣ «እራት ሳትበላ ነው የተኛኸው?» ይባላል።

ባልትና የሚለው ቃል የሄደበትን መንገድም ማየት ነው። የሴቶች የቤት ሙያ ስም ነበር፤ ዛሬ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና የአጥሚት እህል አዘጋጅቶ የሚሸጥ መደብር ስም ሆኗል። ባልትና ቤት ገብታ ሽሮ የገዛችን ሴት «እጇ አልፈታም» የሚሉ ዛሬም አሉ። ሙያው አልጠፋም። ጉልበት ያላት ሠርታ ጉልበት ላነሳት ሸጠችላት፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሁለት ሥራ ሲሮጥ የሚውለው ሰውም የታሸገ እንጀራውን የሚገዛው በዚሁ ሒሳብ ነው።

እናቶቹ አላረፉም የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔዓለም በ27፣ በዓለ እግዚአብሔር በ29 ሲባል የኖረው ገጠር በወር ውስጥ ማረሻና ድር የማይነካባቸው ቀናት ቆጥሮ አስቀምጧል። በእነዚያ ቀናት ሴቶቹ ማድ ቤት አልዘጉም፤ ይህ ይታወቅ። መፈተሉ ግን ይቆም ነበር። ከሁሉ በላይ አራስነት አለ። የወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት ትተኛለች፤ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ሰነፍ የሚላት አይገኝም። እንግዲህ ባህሉ አቅም ያነሰው ሰው በትንሽ መንገድ መያዝ እንዳለበት ያውቃል። የሚሳሳተው ድካሙ ሕፃን ይዞ ካልመጣ አላውቅህም ሲል ነው።

ለመሆኑ ስንፍና የሚባለው ስንቱ ጊዜ ስንፍና ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አገኘ። ከአራት አንዷ ማለት ነው። ደም ያነሳት ሴት ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ራሷን ያዞራታል፣ ከእንቅልፏ ደክማ ትነሣለች። «ተነሺ እንጂ፣ ምን ሆነሻል!» ብረት አይሆንም። የሚጠቅማት ነገር ምርመራ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ እጅግ ቀላል ነገር፦ ቡናና ሻይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚቀንሱ፣ ምሳ እንዳበቃ የምትጣደውን ጀበና አንድ ሰዓት ማቆየት። ቡናውን ተዪ አላላትም ማንም። አቆዪው ነው የተባለው። ከዚህ የቀለለ ሥራ ይኖራል?

የሻማውና የስፓው ክስ ተገቢ ነው፤ የተከሰሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ራስን መንከባከብ የሚለውን ሐሳብ በነርስነት ሙያ ውስጥ መሠረት ያስያዘችው አሜሪካዊቷ ነርስ ዶሮቲያ ኦረም ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው መጽሐፍ ለማንኛውም ሰው ያስፈልጋሉ ብላ ከዘረዘረቻቸው መካከል አየር፣ ውኃ፣ ምግብ፣ መጸዳዳት፣ በእንቅስቃሴና በዕረፍት መካከል ያለ ሚዛን፣ ብቻ በመሆንና ከሰው ጋር በመሆን መካከል ያለ ሚዛን ይገኛሉ። ከእርሷ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1963 ሐኪሙ ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ አንድ ሕመምተኛ ራሱን ችሏል አልቻለም የሚለውን ለመለካት ስድስት ነገሮች መረጡ፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መመገብ። ሻማው የት አለ? ገበያ ቃሉን ሰርቆ ቢሸጠው ጥፋቱ የገበያው ነው። ሌባ ስለለበሰው ጋቢን የሚጥል ሰው አለ?

ጎረቤትና ዘመድ የሚለው ክርክር በክብር ሊያዝ ይገባዋል፤ ጠያቂ ያለው ሰው በእርግጥ ዕድለኛ ነው። ይሁንና ጠያቂ የሚመጣው ለሚታይ ሕመም ነው። እግር ሲሰበር፣ ወባ ሲጥል፣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ቤቱ ይሞላል። ከወባው በኋላ ለሚቆየው መዛል፣ ለድባቴ፣ ለሌሊት ተረኛ ሠራተኛ፣ የአልጋ ቁራኛ እናቷን ለምታስታምም ልጅ ማን አጥሚት ይዞ ይመጣል? ድካም ፋሻ የለውም። ጠያቂው መጥቶም የሚሆነው ይታወቃል፦ ታማሚዋ ትነሣለች፣ ምንጣፉን ታስተካክላለች፣ ቡና ትቆላለች፣ እስከ በረካ ድረስ ትጫወታለች፣ እንግዶቹን እስከ በር ትሸኛለች፣ ከዚያ ሁለት ቀን ትተኛለች። እንግዶቹ «ደህና ናት፣ ቡና ሁሉ አፍልታልናለች» እያሉ ደረጃውን ይወርዳሉ።

ደግሞስ የሰው እጅ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ሌሊት ማን ይይዘዋል? ለከባድ ተቅማጥ ቤት ውስጥ የሚበጠበጠውን ድብልቅ ብዙ እናቶች ያውቁታል፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ዕድሩን መጥራት አይጠይቅም፤ ዕድሩ የሚጠራበትን ቀን ግን ሊያርቅ ይችላል።

የቀረው የመላላት ፍርሃት ነው፤ ዛሬ ትንሽ የፈቀደ ነገ ሁሉን ይለቃል የሚለው። ይህ ክርክር መንስኤውንና ውጤቱን ገልብጧል። ድባቴ የያዘው ሰው አልጋ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነገር በማድረጉ አይደለም፤ ትልቁን ማድረግ ስላልቻለ ትንሹን በመናቁ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ለድባቴ የሚሰጠውን የንግግር ሕክምና በክፍል በክፍል ፈትተው አዩት። ሰውየው ስሜቱ እስኪስተካከል ሳይጠብቅ ትንንሽ ተግባራትን በቀጠሮ እንዲጀምር የሚያደርገው ክፍል ብቻውን ከሙሉው ሕክምና አላነሰም። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ 440 አዋቂዎች የተሳተፉበት ሰፊ ጥናትም በዝቅተኛ ደረጃ የአእምሮ ጤና ሠራተኞች የተሰጠው ይኸው ዘዴ በሠለጠኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከተሰጠው ሕክምና እንደማያንስ፣ ዋጋውም እንደሚቀንስ አሳየ። ፊትን መታጠብ፣ መጋረጃን መግለጥ፣ ለአንድ ሰው መደወል፦ እዚያ ሕክምና ውስጥ እንዲህ ያሉ ነገሮች ሥራ ናቸው። መጀመሪያ ፍላጎቱ ይምጣ የሚል ሰው ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ልጆቹን የሚመክር ሕዝብ፣ እንቁላሉ ተነሥቶ እንዲሮጥ የሚፈልገው ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ለተቃዋሚዎቹ ሊሰጣቸው ይገባል። በሶና በርጩማ ሐኪም አይተኩም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው የመንፈስ መጨለምም፣ ክብደት እየቀነሰ የሚሄድ ድካምም እንዲሁ ሐኪም ዘንድ የሚኬድባቸው ናቸው። ራስን መጉዳት የሚያስብ ሰው ደግሞ ሁለት ሳምንትም አይጠብቅም። ግን ክሊኒክ ለመድረስም እኮ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ለብሶ መውጣት አለ።

ታዲያ ነገሩ ይህ ነው፦ አቅም ባነሰ ቀን በትንሹ የተሠራ እንክብካቤ የሙሉው ምትክ ወይም የሰነፍ ማምለጫ ተደርጎ መታየቱ መቅረት አለበት። ለዚያ ቀን ሙሉው እርሱ ነው። ጉልበት ባለበት ቅዳሜ በሶው በክዳን ዕቃ ይቀመጣል፣ ድርቆሹ ይሰጣል፣ በርጩማዋ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። አልጋው አጠገብ የተጣራ ውኃ፣ ሻይ ያለበት ፔርሙስ፣ ብሩሽና ንጹሕ ፎጣ ይቀመጣሉ። በከፋው ምሽት ፎጣው ይረጥብና ፊት፣ ብብት፣ ጭን መሐልና እግር ይጠረጋሉ፤ ነርሶች መነሣት የማይችለውን ሕመምተኛ አልጋው ላይ የሚያጥቡት ከዚህ ባልራቀ መንገድ ነው፤ ሳይታጠብ አደረ ብለውም አይመዘግቡም። ጸጉሩ ቅዳሜን ይጠብቃል። ወለሉም እንዲሁ።

አራተኛ ፎቅ ያለችውን ሴት ልጠይቅ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ቡናውን በፔርሙስ፣ ስኒውን በዘንቢል ይዞ ይውጣ። እንድትነሣ አይጠብቅ። ሁለተኛውን ጠጥቶ፣ ስኒዎቹን አጥቦ፣ በሩን ራሱ ዘግቶ ይውረድ።